የ1968 ቮልስዎን ቀለም ሳይቀቡ ይሽጡት

ጥያቄው በአጭሩ፦ «እ.ኤ.አ. የ1968 ሞዴል ቮልስዋገን ቢትል አለኝ። ከመጀመሪያው ባለቤት ገዝቼ ለ19 ዓመት በጥንቃቄ ይዤዋለሁ፤ ጋራዥ ውስጥ ነው የሚያድረው፣ ሰርቪስም ተጓድሎበት አያውቅም። አሁን ልሸጠው ነው። ቀለሙ ጣሪያው ላይና የፊት ክዳኑ ላይ ደብዝዟል፤ ግራ ፓራፋንጎው ላይም ትንሽ ጭረት አለ። ወዳጆቼ "ሙሉ ቀለም አስቀባው፣ ሞተሩን አሳጥብ፣ ከዚያ ሽጠው" ይሉኛል። አንድ ነጋዴ ደግሞ አይቶት "ያው አሮጌ መኪና ነው" ብሎ በጣም ዝቅ ያለ ዋጋ ጠራልኝ። በግሌ ልሸጠው ብል ከምን ልጀምር? ሳልታለልስ እንዴት ልጨርስ?»

እባክዎ ቀለም ቀቢው ጋ አይሂዱ። ቀጠሮ ይዘው ከሆነም ይሰርዙት። እኔ አሮጌ መኪኖችን ለገዢዎች የምመረምር ሰው ነኝ። ገዢው ዋጋ ከመቁረጡ በፊት ይዞኝ ይመጣል፤ እኔም ከሥር እስከ ጣሪያ አይቼ ያገኘሁትን እነግረዋለሁ። ስለዚህ የምመልስልዎ በገዢው በኩል ቆሜ፣ መኪናዎን ሊያይ የሚመጣው ሰው ዓይኑ የት እንደሚያርፍ እያሰብኩ ነው።

ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆነው መኪና አዲስ ቀለም ተቀብቶ ሳየው እጠረጥራለሁ፤ ቅቡ ሊሸጥ ሲል የተሠራ ከሆነ ደግሞ ይብስብኛል። ኪሴ ውስጥ የቀለም ውፍረት መለኪያ አለ። የፋብሪካ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ ከ80 እስከ 150 ማይክሮን (የሚሊሜትር አንድ ሺኛ) አካባቢ ነው። 300 ካነበብኩ ሌላ ቀለም ተደርቦበታል ማለት ነው። ከ1,000 ካለፈ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ አለ፤ ከስቱኮው ሥር ደግሞ ወይ ግጭት ወይ ዝገት ይኖራል። መለኪያ የሌለው ገዢ እንኳ ትንሽ ማግኔት በጨርቅ ጠቅልሎ ያስጠጋል፤ ላሜራው ላይ ይጣበቃል፣ ወፍራም ስቱኮ ላይ ግን ይወድቃል። ጤነኛ ላሜራ በአዲስ ቅብ ሲሸፈን ጤነኛ ለመሆኑ ያለው ምስክር አብሮ ይሸፈናል። የእርስዎን የመሰለ መኪና በደበዘዘ ቀለሙ ላይ መለኪያዬን ከጫፍ ጫፍ አስኪጄ ሁሉም ቦታ ተቀራራቢ ቁጥር ካገኘሁ፣ ለገዢዬ የምነግረው «ይህንን አትልቀቀው» ብዬ ነው።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ቢትል በቁጥር ብርቅ መኪና አይደለም። በአጠቃላይ 21,529,464 ተመርቷል፤ የመጨረሻው ከሜክሲኮው የፑዌብላ ፋብሪካ የወጣው እ.ኤ.አ. ጁላይ 30 ቀን 2003 ነው። ከዚህ ብዛት የተነሳ ፓራፋንጎው፣ ፓራውልቱ፣ ካርቡሬተሩ፣ የወለል ላሜራው ሳይቀር እስከ ዛሬ አዲስ እየተሠራ ይሸጣል። ገንዘብ ያለው ሰው ከነዚህ የፈለገውን ይገዛል። የማይገዛው ነገር እርስዎ ዘንድ ያለው ነው፦ የፋብሪካው ቀለም፣ ያልተነካካ ወለል፣ ሁለት ባለቤት ብቻ ያየ የኑሮ ታሪክና ያንን የሚያረጋግጥ ወረቀት። ለቀለም ሊያወጡት ያሰቡት ገንዘብ ይህንን የሚያጠፋ ወጪ ነው።

ለጭረቱ በእጅ የሚሠራ ቀላል ማጽጃና ሰም ይበቃል። ላሜራው ከተጋለጠ እንዳይዝግ ነጥቡን ብቻ ይንኩት፤ መነካቱንም ለገዢው ይንገሩ።

ሞተሩን በግፊት ውኃ ማሳጠብም ይቅር። ውኃው ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለው ዲስትሪቢውተር ውስጥና የኤሌክትሪክ መገጣጠሚያዎች ላይ ገብቶ፣ ገዢው በቆመበት ሞተሩ አልነሳ ሊል ይችላል። ከዚያ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ታጥቦ ያንጸባረቀ ሞተር ዘይቱ ከየት እንደሚወጣ እንደማያሳይ ነው። የቢትል ሞተር ትንሽ ማላቡ የተለመደ ነው። እኔ የምፈልገው ላቡ ከቫልቭ ክዳኑ ጓርኒሲዮን ነው ወይስ ሞተሩና ካምቢዮው ከሚጋጠሙበት የሚለውን ማየት ነው። የመጀመሪያው የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ ሁለተኛው ሞተር ያስወርዳል። አቧራውን በጨርቅና በብሩሽ በእጅዎ ያጽዱ፤ የዘይቱን መንገድ ግን ይተዉት።

አሁን ወደ ወረቀቱ እንምጣ፤ ዋጋው የሚሠራው እዚህ ነው። የኋላውን መቀመጫ ያንሱት። መሐል ለመሐል በሚያልፈው ቦይ ላይ የሻንሲ ቁጥሩ ተመትቶ ያገኙታል። በእርስዎ ሞዴል ዘጠኝ አሃዝ ያለው ሆኖ በ118 መጀመር አለበት፤ 11 የመኪናው ዓይነት ነው፣ ሦስተኛው 8 ደግሞ የ1968 ሞዴል መሆኑን ይናገራል። የፊቱን ክዳን ከፍተው የሚያዩት ሳህን ላይም ያው ቁጥር ይኖራል። ሦስቱን፣ ማለትም ቦዩን፣ ሳህኑንና ሊብሬውን፣ በአሃዝ በአሃዝ ያመሳክሩ። አንድ አሃዝ ተዛብቶ ከተገኘ ማስታወቂያ ከማውጣትዎ በፊት ለመዝጋቢው መሥሪያ ቤት አመልክተው ያስተካክሉት። እኔ ቁጥር ተዛብቶ ካየሁ ምክንያቱ የጸሐፊ ስህተት ቢሆንም እንኳ ገዢዬን ይዤ እመለሳለሁ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚደናገርበት ነገር አለ። የቮልስዋገን የሞዴል ዓመት የሚጀምረው በኦገስት ነበር። ስለዚህ የ1968 ሞዴል ሆኖ በ1967 መጨረሻ የተሠራ መኪና ሞልቷል። ሊብሬዎ 1967 ቢል እርስዎም 1968 ቢሉ ሁለታችሁም ልክ ልትሆኑ ትችላላችሁ፤ ግን አስቀድመው ካላስረዱ ገዢው «ዓመት ደበቁኝ» ብሎ ይሄዳል።

የሞተር ቁጥሩ ዲናሞው ከተቀመጠበት እግር ሥር፣ የሞተሩ አካል ላይ ተመትቷል። የፊደሉ ትርጉም ቀላል ነው፦ በዚያ ዘመን በዲ የሚጀምር 1200፣ በኤፍ የሚጀምር 1300፣ በኤች የሚጀምር 1500 ሞተር ነው። ሞተሩ በመሐል ተቀይሮ ከሆነ ነውር የለውም፤ ብዙ ቢትል ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ሞተሩን ይዞ ነው የሚሄደው። ነውሩ «የራሱ ሞተር ነው» ብሎ መሸጥ ነው። ጊዜ ካለዎት ዎልፍስቡርግ ከተማ ያለው የቮልስዋገን የመኪና ሙዚየም ተቋም በሻንሲ ቁጥሩ ፈልጎ በክፍያ የልደት የምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ መኪናው የተሠራበትን ቀን፣ የመጀመሪያ ቀለሙንና የተላከበትን አገር ይገልጻል። የደበዘዘው ቀለምዎና በወረቀቱ ላይ ያለው ቀለም አንድ ሆነው ሲገኙ፣ ከዚያ በኋላ ብዙ መናገር አያስፈልግዎትም።

ደረሰኞቹን ሁሉ በቀን ቅደም ተከተል አንድ ፋይል ውስጥ ያስገቡ። የዘይት ለውጥ፣ የፍሬን ሸራ፣ ፍሪሲዮን፣ ባትሪ፣ የጠፋ ካለም «ይህ ሥራ ተሠርቷል፣ ደረሰኙ የለም» ብለው በእጅዎ ይጻፉ። ኪሎሜትር ቆጣሪውን በተመለከተ ደግሞ አንድ ነገር አይርሱ፤ የቢትል ቆጣሪ አምስት አሃዝ ብቻ ስለሆነ 99,999 ሲሞላ ከዜሮ ይጀምራል። 48,000 የሚያሳይ መኪና 148,000 ወይም 248,000 የሄደ ሊሆን ይችላል። ከደረሰኞቹ ላይ ተነስተው እውነተኛውን ይድረሱበትና ይጻፉት። «48,000 ብቻ» የሚል ማስታወቂያ ያየ አዋቂ ገዢ ስልክ እንኳ አይደውልም።

የራሴን ልንገርዎ። በወጣትነቴ የነበረኝን ፔጆ 404 ስሸጥ፣ መኪናው ንጹሕ ሆኖ እንዲታይ ብዬ ጋራዡን አጸዳሁ። ጥግ ላይ አንድ ካርቶን ነበር፤ ውስጡ በየጊዜው እየነቀልኩ ያስቀመጥኳቸው የፋብሪካ ዕቃዎች ነበሩ፦ የመጀመሪያው ካርቡሬተር፣ የመጀመሪያው ሬዲዮ፣ አንድ የቸርኬ ክዳን፣ የመጀመሪያው ባለቤት መመሪያ መጽሐፍ። ጣልኩት። ገዢው መኪናውን አይቶ ወደደው፤ ከዚያ ቀና ብሎ «የነቀልካቸው ዕቃዎች የት አሉ?» አለኝ። መልሴን ሲሰማ የፊቱ መለወጥ እስከ ዛሬ ይታየኛል። ገዛው፣ ግን ካሰብኩት በብዙ አሳንሶ፤ እሱ ላይም አልፈርድም። እርስዎ እንዲህ ያለ ካርቶን ካለዎት ቡሎኗ ሳትቀር ከመኪናው ጋር ትሂድ።

ሳይሸጡ በፊት የሚሠራ ነገር የለም እያልኩ አይደለም። ደኅንነትን የሚነካው ሁሉ ይሠራ። መጀመሪያ የነዳጅ ቱቦዎቹን ይለውጡ። ቢትል ላይ ቤንዚኑ በጎማ ቱቦ አድርጎ ወደ ሞተሩ ክፍል ይገባና ከፓምፑ ወደ ካርቡሬተሩ ያልፋል። ጎማው ከውጭ ደህና መስሎ ከውስጥ ይሰነጠቃል፤ ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ደግሞ የድሮ ጎማን ቶሎ ይጎዳል። ከዚያ የሚያፈተልክ ቤንዚን የጋለ ሞተርና ዲስትሪቢውተር አጠገብ ነው የሚወድቀው። በዚህ የተቃጠለ ቢትል ብዙ ነው። ወጪው ትንሽ ነው፤ ሰው ግን መኪናውን ቤተሰቡን ጭኖበት ይነዳዋል።

ቀጥሎ ፍሬን። የፍሬን ዘይት እርጥበት ከአየር ይስባል፤ በየሁለት ዓመቱ ካልተለወጠ የመፍያ ነጥቡ ይወርዳል፣ ሲሊንደሮቹንም ከውስጥ ያዝጋል። ከዚያ ጎማዎቹ። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ የተሠራ ጎማ ጎኑ ላይ በአራት አሃዝ የሚያልቅ ቁጥር አለው፤ 2314 ካለ በ2014 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ሦስት አሃዝ ብቻ ካዩ ጎማው ከዚያ በፊት የተሠራ ነውና ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ይውጣ። ጥቂት የሚነዳ መኪና ላይ ጎማ የሚያረጀው በዕድሜ ነው። መብራቶቹ ሁሉ መሥራታቸውን ካረጋገጡ ይበቃል። የመቀመጫ ሸራ፣ ክሮም፣ ምንጣፍ፣ እነዚህን ለአዲሱ ባለቤት ይተዉለት።

ገዢው ባለሙያ ይዞ ሲመጣ የት የት እንደሚያይ አስቀድመው ራስዎ ይዩት። እኔ ከሆንኩ መጀመሪያ የማነሳው የኋላ መቀመጫውን ነው፤ ለሻንሲ ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን ባትሪው በቀኝ በኩል እዚያ ስለሚቀመጥ። የባትሪ አሲድ ለዓመታት ያንጠባጠበበት ወለል እንደ ደረቅ ቅጠል ይሆናል። ባትሪውን አወጣለሁ፣ ጣቴን አስኬዳለሁ፣ በመፍቻው እጀታ መታ መታ አደርጋለሁ። ጤነኛ ላሜራ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰ ወይም የተለጠፈበት ድፍን ያለ ድምፅ። ከዚያ ተኝቼ ከበሮቹ ሥር በሁለቱ ጎን ያሉትን የሙቀት ማስተላለፊያ ቦዮች አያለሁ፤ የመኪናው ጥንካሬ ግማሹ እነሱ ላይ ነው። ክሪክ የሚገባባቸውን ቦታዎችና የትርፍ ጎማውን ጉድጓድም አልተውም። ከሥር አዲስ ጥቁር ሬንጅ ተቀብቶ ካገኘሁ ከአዲስ ቀለም የበለጠ እጠረጥራለሁ፤ ስለዚህ ሬንጅ አይቀቡ።

ሞተሩ ላይ አንድ ፈተና አለ፣ አዋቂ ገዢ ሁሉ ያደርገዋል። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የታችኛውን ትልቁን ፑሌጋ በሁለት እጁ ይዞ ወደ ኋላና ወደ ፊት ይገፋዋል። ክራንክሻፍቱ፣ ማለትም ፑሌጋውን የሚያዞረው የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ሊኖረው የሚገባው ክፍተት ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊሜትር ነው፤ የመጨረሻው ወሰን 0.15 ነው። ይህ በእጅ የማይሰማ ያህል ትንሽ ነው። «ኳ ኳ» የሚል ነገር ከተሰማ ሞተሩ ሊወርድ ቀኑ ደርሷል። ከገዢው በፊት ይሞክሩት። የአራቱንም ሲሊንደሮች የግፊት መጠን አስለክተው ወረቀቱን ፋይሉ ውስጥ ቢያስገቡ ደግሞ ብዙ ክርክር ይቀንሳል፤ ቁጥሮቹ ተቀራራቢ መሆናቸው ነው ዋናው።

ገዢው የሚመጣ ቀን ሞተሩን አስቀድመው አያሙቁት። እኔ ስደርስ መጀመሪያ እጄን ሞተሩ ላይ አሳርፋለሁ፤ ሞቆ ካገኘሁት ቀዝቅዞ ሲነሳ የሚያሳየውን ነገር ደብቀውኛል ብዬ ነው የማስበው።

ዋጋን በተመለከተ፣ ነጋዴው ሌባ ነው ማለት አይደለም። እሱ መኪናውን ገዝቶ፣ አቁሞ፣ ሸጦ ትርፍ ማግኘት አለበት፤ ስለዚህ ከግል ገዢ ያነሰ መስጠቱ የሚጠበቅ ነው። «ያው አሮጌ መኪና» ማለቱ ግን ግምት አይደለም። የዓለም አቀፉ የጥንት ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን ታሪካዊ ተሽከርካሪ የሚለው ቢያንስ 30 ዓመት የሞላውን፣ በታሪኩ ትክክለኛ ሁኔታ የተጠበቀውንና ለዕለት ተዕለት መጓጓዣ የማይውለውን ነው። የእርስዎ መኪና ዕድሜውን ድሮ አልፎታል፤ የቀረውን ፋይልዎ ይመሰክራል። ክላሲክ መኪና በሚገምት ባለሙያ የጽሑፍ ግምት ያሠሩ። እርስዎ ራስዎ ሲያጠኑ ሻጮች የጠሩትን ዋጋ ሳይሆን መኪናዎቹ በእርግጥ የተሸጡበትን ዋጋ ይፈልጉ፤ የሐራጅ ውጤቶች ለዚህ ጥሩ ናቸው። በ19 ዓመት ያወጡትን ደምረው ዋጋ አያውጡ፤ ያ ገንዘብ በነዱት ጊዜ አብሮ ሄዷል። ከዚያ ሁለት ቁጥር ይያዙ፦ የሚጠሩትን፣ እና ከዚያ በታች ከሆነ የማይሸጡበትን። ሁለተኛውን ለማንም፣ ለደላላም ቢሆን አይንገሩ።

ማስታወቂያው አጭርና ቀጥተኛ ይሁን። እውነት ያልሆነውን እየቀነሱ እንዲህ ብለው ይጻፉት፦

«ቮልስዋገን ቢትል፣ የ1968 ሞዴል። ሁለተኛ ባለቤት ነኝ፣ 19 ዓመት ይዤዋለሁ። የፋብሪካ ቀለም፤ ጣሪያውና የፊት ክዳኑ ላይ ደብዝዟል፣ ግራ ፓራፋንጎ ላይ ጭረት አለው። ከሥር ያልተበየደ፣ ሬንጅ ያልተቀባ። የነዳጅ ቱቦዎቹ አዲስ ናቸው። የጥገና ደረሰኞችና የተነቀሉ የፋብሪካ ዕቃዎች አብረው ይሰጣሉ። ባለሙያ ይዞ መምጣት ይቻላል።»

ፎቶ ብዙ ያንሱ፤ ፀሐይ በማያቃጥልበት ሰዓት፣ ከአራቱም ማዕዘን፣ ከሥር፣ መቀመጫው ተነስቶ። ጭረቱን ቀርበው ያንሱት፣ መጠኑ እንዲታወቅ ሳንቲም አጠገቡ ያስቀምጡ። የሻንሲ ቁጥሩን ግን ሙሉውን አደባባይ አያውጡ፤ በሌላ ሰው መኪና ላይ ሊለጥፉት የሚፈልጉ አሉ። ሊያይ ለመጣ ሰው ያሳዩ።

ለሙከራ ሲነዳ መንጃ ፈቃዱን ይዩ፣ ኢንሹራንስዎ ሌላ ነጂ እንደሚሸፍን አስቀድመው ይጠይቁ፣ አጠገቡ ይቀመጡ። ቁልፉን ሰጥተው ከመኪናው አይውረዱ፤ ቦታ ስትለዋወጡም ቁልፉ እጅዎ ላይ ይሁን። ሳያይ «አሁኑኑ እገዛለሁ፣ ትርፍ ገንዘብ ልኬ ልዩነቱን ትመልስልኛለህ» የሚል ሰው ገዢ አይደለም። ቀብድ ከተቀበሉ መጠኑን፣ ቀሪው የሚከፈልበትን ቀን፣ ሽያጩ ቢፈርስ ምን እንደሚሆን በጽሑፍ ያድርጉ። ቀሪውን ክፍያ ባንክ ውስጥ አብራችሁ ሆናችሁ ፈጽሙ፤ ገንዘቡ ሂሳብዎ ውስጥ መግባቱን ከባንኩ ሠራተኛ እንጂ ከገዢው ስልክ ላይ አያረጋግጡ። ቼክ ከሆነ እስኪጸድቅ መኪናውም ሊብሬውም አይወጡም።

ውሉ ላይ የሻንሲና የሞተር ቁጥሩ፣ ቆጣሪው የሚያሳየውና እውነተኛው ኪሎሜትር፣ መኪናው ካለበት ሁኔታ ጋር መሸጡ፣ የነገሩት ጉድለት አንድ በአንድ፣ ርክክቡ የተፈጸመበት ቀንና ሰዓት ይጻፍ። ሰዓቱን አይዝለሉት፤ ከሰዓት በኋላ ገዢው ቢጋጭ የማን እንደነበረ የሚለየው እሱ ነው። ስም ማዛወሩን «እኔ አዛውራለሁ» ብሎ ለሚሄድ ሰው አይተዉ፤ አብረው ሄደው ይጨርሱት።

የመጨረሻው ሥራ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። መኪናው በእርስዎ እጅ እንዴት እንደኖረ ይጻፉለት፦ ዘይቱ ስንት እንደሚይዝ፣ ሁለት ሊትር ተኩል ነው፣ የትኛውን ዓይነት እንደለመደ፤ ቫልቩ መቼ እንደተስተካከለ፤ የትኛው በር ትንሽ ተነስቶ እንደሚዘጋ። ጠዋት ሲነሳም ቤንዚን ፔዳሉን አንዴ እስከ ታች ረግጦ ለቆ ቁልፉን ማዞር እንደሆነ፣ ይህም ቾኩን (ለቀዝቃዛ ሞተር አየሩን ቀንሶ ቤንዚኑን የሚያበዛውን ክዳን) ቦታው እንደሚያስይዘው ይጻፉ። ይህን የማያውቅ አዲስ ባለቤት በነጋታው ጠዋት «አልነሳ አለኝ» ብሎ ይደውልልዎታል፤ ወረቀቱ ካለው ግን ረግጦ፣ ለቆ፣ አስነስቶ ይሄዳል።